ያገለገለ ቪትዝ፦ ከቀለሙ በፊት ዘይቱ ይታይ

ለሽያጭ የቀረበ ቪትዝ ሲታይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቀለሙ ነው። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ ብዙው መኪና ገበያ ከመውጣቱ በፊት ቀለም ቤት ደርሶ ይመጣል። ሞተሩ ግን እንደነበረ ነው፤ ቢበዛ ታጥቦና ጎማ ጎማው ተወልውሎ ይቀርባል። የታጠበ ሞተር ደግሞ ዘይት ከየት እንደሚያፈስ አይናገርም። አቧራ የጠጣ ሞተር የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ ከሚያብለጨልጨው ይልቅ እሱን እመኑ።

መኪናው ራሱ ሲመዘን ጥሩ ነው። ዘይትና ውሃ በወቅቱ እስካገኘ ድረስ የቪትዝ ሞተር ሰው አያሳፍርም፤ ነዳጅ አይበላም፣ መለዋወጫውም ከሶማሌ ተራ እስከ ሰፈር ሱቅ ድረስ አይጠፋም። የሚያበላሸው በየእጁ ሲዞር የተሠራበት ሥራ ነው፦ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ይነቀላል፣ ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ይሞላል፣ ዘይት መብላቱ በወፍራም ዘይት ይሸፈናል፣ በመጨረሻ ሁሉም በአዲስ ቀለም ይጠቀለላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶት ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ቪትዞች አብዛኞቹ እዚሁ የከረሙ፣ ብዙ ባለቤት ያዩ ናቸው።

መጀመሪያ የትኛው ቪትዝ እንደሆነ ይለይ። የመጀመሪያው ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005፣ ሁለተኛው ከ2005 እስከ 2010 የተሠራው ነው። በመጀመሪያው ውስጥ ባለ 4 ሲሊንደር 997 ሲሲው 1ኤስዜድ፣ 1,298 ሲሲው 2ኤንዜድ እና 1,497 ሲሲው 1ኤንዜድ ይገኛሉ። በሁለተኛው ውስጥ ባለ 3 ሲሊንደር 996 ሲሲው 1ኬአር፣ 1,296 ሲሲው 2ኤስዜድ እና እንደገና 1ኤንዜድ አሉ። ዳይሃትሱ የሠራው 1ኬአር በነዳጅ ቁጠባ አይታማም፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ግን ተፈጥሮው ስለሆነ ይንቀጠቀጣል። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ 2ኤንዜድ ያለው ይሻላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቀው መካኒክ የለም፣ ዳገት ላይም ትንፋሹ ቶሎ አያጥርም።

ስሙም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ቶዮታ ቪትዝ የሚለውን ስም የተጠቀመው ለጃፓን ገበያ ነው፤ ሌላ ቦታ ያው መኪና ብዙ ጊዜ ያሪስ ይባላል። ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ መሪው በግራ ሆኖ የሻንሲ ቁጥሩ "ኤስሲፒ10" ወይም "ኬኤስፒ90" ብሎ ጀምሮ በሰባት አሃዝ የሚያልቅ አጭር ቁጥር ከሆነ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ነው። ለውጭ ገበያ የተሠራው 17 ፊደልና አሃዝ አለው፤ "ቪኤንኬ" ብሎ የሚጀምረው ፈረንሳይ፣ ቫለንሲየን የተገጣጠመው ያሪስ ነው። መሪው የዞረ መኪና ሁሉ መጥፎ አይደለም። ብቻ ከፔዳሎቹ በላይ በባትሪ መብራት አብርታችሁ ብየዳውን እዩት፤ ሞተሩን ከሳሎኑ የሚለየው ላሜራ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ፣ የቆመ ዝገት ወይም እንደ አረፋ ያበጠ ብየዳ ካለ መኪናውን ተዉት።

ሞተሩ መታየት ያለበት ቀዝቅዞ ነው። ቀጠሮው ጠዋት 1 ሰዓት ይሁን፣ ስትደርሱም እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ ሻጩ ቀድሟችኋል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጂንና የዘይት መብራቶች መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባቸው። ከመጀመሪያውም የማይበራ የቼክ መብራት ደህና መኪና ማለት አይደለም፤ አምፖሉ ተነቅሏል ማለት ነው። ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሚሰማ የካቴና ድምፅ ባረጀ ሞተር ላይ ይታገሡታል፤ ከሞቀ በኋላም የሚንኳኳ ከሆነ ግን ወይ ካቴናው ተለጥጧል፣ ወይ መወጠሪያው ደክሟል። እነዚህ ሞተሮች በሙሉ የሚሠሩት በላስቲክ ቺንጋ ሳይሆን በካቴና ስለሆነ "በ100,000 ኪሎሜትር ቺንጋ ይቀየራል" የሚለው ምክር እዚህ ቦታ የለውም። ካቴናውን የሚገድለው ሳይቀየር የቆየና የጎደለ ዘይት ነው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ አሁን ወደ ጭሱ። በብርድ ሲነሳ የሚወጣና ቶሎ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት የአዲስ አበባ ጠዋት ነው። የሚያሳስበው ሰማያዊው ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት አለው። ከእንጦጦ በማርሽ እየተያዘ ሲወርድ ቆይቶ ታች ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይቱ በቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ በሚዘጋው ላስቲክ) በኩል እንደወረደ ያሳያል፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ስለሚስብ ያረጀ ጎሚኒ ዘይቱን ያሳልፈዋል። ዳገት ላይ ተረግጦ ሲወጣ ያለማቋረጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ችግሩ ፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ጋ ነው። የመጀመሪያው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሳይወርድ እንኳ ሊሠራ ይችላል፤ ሁለተኛው ሞተር ያስወርዳል። የዋጋው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ይህን ሳይለዩ መደራደር ጨለማ ውስጥ መግዛት ነው።

ፋሻው ለምን ይያዛል? በነዚህ ሞተሮች ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ፋሻዎቹ ቀጭንና የማይጫኑ ሆነው ነው የተሠሩት። ዘይት ሲቃጠል የሚፈጠረው ጥላሸት የታችኛው የዘይት ፋሻ ያለበት ቦይ ውስጥ ይጋገራል፤ ፋሻው እንደ ሞላ መንቀሳቀሱን ያቆምና ዘይቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ አይጠርገውም። ከዚያ ዘይት ወደ ላይ ያልፋል፣ ይቃጠላል፣ ተጨማሪ ጥላሸት ይሠራል። የከተማ መንዳት ያፋጥነዋል፤ ከሜክሲኮ ቦሌ በመጨናነቅ ሰዓት ሲሄድ ቆጣሪው ጥቂት ኪሎሜትር ይመዘግባል፣ ሞተሩ ግን አንድ ሰዓት ሠርቷል። ስለዚህ ዘይት በ5,000 ኪሎሜትር ወይም በስድስት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየር፤ 10,000 ለዚህ ከተማ አይሆንም።

በየጋራዡ የሚታይ አንድ ስህተት አለ። 1ኬአር ከነፊልትሮው የሚወስደው 3.1 ሊትር፣ 1ኤንዜድና 2ኤንዜድ ደግሞ 3.7 ሊትር ነው። ዘይት የሚሸጠው በ4 ሊትር ጀሪካን ስለሆነ መካኒኩ "ገንዘብህን ከፍለህበታል" ብሎ ሁሉንም ይደፋዋል። በ1ኬአር ላይ ይህ ወደ አንድ ሊትር ትርፍ ነው። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብሮንዚን (ኮሎው የሚዞርበትን ማረፊያ) አያጠጣም፤ ትርፉም በመተንፈሻው በኩል ተስቦ ይቃጠላል። ጨርሶ ዘይት የማይበላ ሞተር "ይበላል" የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውን ይዛችሁ ሂዱ።

እውነተኛው ልኬት ቀላል ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ አልፎት፣ መለኪያው ላይ "ኤፍ" እስኪደርስ ይሞላ። 500 ኪሎሜትር ተነድቶ በዚያው ቦታ ይለካ። በ"ኤል" እና በ"ኤፍ" መካከል ያለው ወደ 1 ሊትር ገደማ ነው። ሩብ ሊትር ቢጎድል ዘይት እያያችሁ ልትነዱት ትችላላችሁ፤ ከግማሽ ሊትር በላይ ከጎደለ ሞተሩ ሥራ ይፈልጋል። ገዢ ከመግዛቱ በፊት 500 ኪሎሜትር መንዳት ስለማይችል ካንዴላዎቹን አስፈትቶ ይያቸው፤ ቡናማና ደረቅ ጥሩ ነው፣ ጥቁርና በዘይት የራሰ ካንዴላ ስለዚያ ሲሊንደር የሚለው አለው።

ካንዴላው ከወጣ አይቀር ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ይለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የ1ኤንዜድ መጽሐፍ 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ጤነኛ፣ 156 ደግሞ ዝቅተኛው ወሰን ነው ይላል። ቁጥሩ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ 76 በመቶ ነው። ስለዚህ እዚህ ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው ወደ 160 ነው፣ ዝቅተኛውም ወደ 120 ይወርዳል። መጽሐፉን ብቻ ይዞ 150 ያሳየውን ሞተር "አልቋል" የሚል መካኒክ ጤነኛ ሞተር ሊያስወርዳችሁ ነው። ዋናው ነገር ሲሊንደሮቹ ተቀራራቢ መሆናቸው ነው፤ ልዩነታቸው ከ14 ፒኤስአይ አይለፍ። አንዱ ዝቅ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ፣ ካልወጣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር፦ ኮምፕሬሽን የሚይዙት የላይኞቹ ፋሻዎች ናቸው። የተጋገረው የታችኛው የዘይት ፋሻ ከሆነ ሞተሩ ቆንጆ ኮምፕሬሽን እያሳየ ዘይት ይበላል፤ ጥሩ ቁጥር አይቶ ሰማያዊውን ጭስ መርሳት አይገባም።

ከፍታው የጉልበቱንም ጉዳይ ይመልሳል። የ1ኤስዜድ 70 የፈረስ ጉልበት አዲስ አበባ ላይ ወደ 55 ይወርዳል። አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ መጎተቱ በሽታ አይደለም፤ ለዚህ ብላችሁ ኢንጀክተር አታስቀይሩ።

ፋሻው ተይዞ ከሆነ ሞተር ከመውረዱ በፊት አንድ ሙከራ አለ። ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ ፒስተኖቹ መካከል ላይ እንዲሆኑ ኮሎው በመፍቻ ይዞራል፣ ካርቦን የሚያሟሟ ፈሳሽ በየሲሊንደሩ 50 ሚሊሊትር ያህል ተጨምሮ ያድራል። በነጋታው ካንዴላው ሳይመለስ፣ የኢንጀክተርና የኮይል ሶኬቶች ተነቅለው፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ጨርቅ ተደርጎ በሞተሪኖ ይዞራል። ይህን ዘሎ ካንዴላውን መልሶ ማስነሳት ቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘውን ዘንግ) ያጣምማል፤ ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም። ከዚያ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራል፣ ምክንያቱም ፈሳሹ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖታል። የተያዘ ፋሻን አንዳንዴ ይፈታል፤ የተበላን ፋሻ ግን ምንም ፈሳሽ አይመልሰውም።

ሞተር የሚወርድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ይጠናቀቅ፦ ፋሻ፣ የቫልቭ ጎሚኒ (በ4 ሲሊንደሮቹ 16፣ በ1ኬአር 12)፣ ብሮንዚን፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የኮሎ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎሚኒ)፣ ካቴና ከነመወጠሪያው። ኤንዜድ ሞተሮች አልሙኒየም ብሎክ ላይ ስስ የብረት ካሚቻ (የሲሊንደር ሽፋን) ያላቸው ስለሆኑ እንደ ድሮ ዲኤክስ አስፍቶ ትልቅ ፒስተን መክተት አይታሰብ። ቴስታታው በቀጥ ብረትና በስፔሰር ይለካ፤ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ይሂድ። የ1ኤንዜድ የቴስታታ ቡሎኖች መጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ነው የሚጠብቁት። በክንድ ግምት የታሰረ ቴስታታ ከወራት በኋላ ጓርኒሲዮን ሲያቃጥል "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ፎርጅዱ አስተሳሰሩ ነው። ያገለገለ ሌላ ሞተር መግጠም ከመረጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የሞተር ቁጥሩንና ሰነዱን ያዙ፤ ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ ሳይስተካከል ከቀረ መኪናውን የምትሸጡ ቀን ጣጣው እናንተው ላይ ይመጣል።

አሁን ስለ ሙቀት። የቪትዝ ዳሽቦርድ የሙቀት መርፌ የለውም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ነው ያለው፤ በመካከል ምንም አይነግራችሁም። ቀዩ ሲበራ "እቤት ልድረስ" ማለት የለም፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ እዚያው ይቁም፣ ክዳኑም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይከፈት።

የራዲያተር ክዳን የሚናቅ ዕቃ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የሞተሩ ነፍስ ነው ብንል አልተጋነነም። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ክዳን 1.1 ባር ስለሚይዝ የመፍላቱ ወሰን ወደ 118 ይወጣል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም፤ ውሃው በ92 ይፈላል፣ ቬንቲሌተሩ ደግሞ ገና ሊነሳ ነው። የናዝሬቱ ሰው ዝም ብሎ የሚነዳው መኪና አዲስ አበባ ሲመጣ የሚያፈላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በጥቂት ብር ክዳን ይቀየር፤ ጓርኒሲዮን የሚያስቀይረው ሥራ ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

ቴርሞስታት መንቀል የድሮ ልማድ ነው፤ ቪትዝ ላይ ግን ይታወቅበታል። ጠዋት ተነስቶ አሥር ደቂቃ ተነድቶም ሰማያዊው መብራት ካልጠፋ ቴርሞስታቱ ወይ የለም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ስለሚያስብ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያበዛል፣ ትርፉ ነዳጅ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ፋሻውም ይበላል። ሻጩ ለምን እንደነቀለው ጠይቁ፤ መልሱ "ያፈላ ነበር" ከሆነ ያፈላበት ምክንያት አሁንም ውስጡ ነው። የውሃው ቀለምም ይታይ። ቀይ ወይም ሮዝ ኩላንት ጥሩ ነው፤ እንደ ሻይ የጠቆረ ውሃ የዛገ ነው። ላዩ ላይ የዘይት ቅባት የሚንሳፈፍ ከሆነ ድርድሩ እዚያ ያበቃል። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ትንሽ ቡናማ አረፋ ግን ብቻውን አያስፈርድም፤ አጭር ርቀት ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ ጤዛ ይሠራዋል። መለኪያው ዘንግ ላይም ካለ ነው ውሃ ገብቷል የሚባለው።

የቀሩት የሞተር ችግሮች ቀላል ናቸው። ሚኒሞ የሚወርድና የሚወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ትሮትሉ (አየር የሚያስገባው በር) ቆሽሿል፤ በራሱ ማጽጃ ስፕሬይ ይጽዳ እንጂ በቤንዚንና በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ። በመመርመሪያ መሣሪያ ሲታይ "ፒ0301" የሚል ኮድ ካለ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዕቃ) ከሁለተኛው ቀያይሩ፤ ኮዱ ወደ "ፒ0302" ከተሻገረ ኮይሉ ነው፣ ካልተሻገረ ካንዴላ ወይም ኢንጀክተር ነው። "ፒ1349" ወይም "ፒ0011" ከመጣ ውድ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የቪቪቲ (የሞተሩ ቫልቮች የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ሥርዓት) ቫልቩና ትንሿ ወንፊቱ ወጥተው ይታጠቡ። በወፍራም 20-50 ዘይት የሚሄዱ መኪኖች ላይ ይህ ኮድ የተለመደ ነው፤ የቪቪቲው መንገድ ለ5-30 ነው የተሠራው።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንዴ የተደገመ 200 እስከ 300 ይሆናል፤ ከ500 በላይ ካለ ሥሩ ስቱኮ (ጉድጓድ የሚሞላበት ሊጥ) አለ። መለኪያው ከሌለ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስኪዱት፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ መያዙን ይለቃል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ አይያዝም፣ ቀለሙም ከላሜራው ትንሽ ቢለይ ከፋብሪካም ያጋጥማል፤ በእሱ አትፍረዱ። ዋናው መታየት ያለበት የበሮቹና የኮፈኑ ቡሎኖች ናቸው። ጭንቅላታቸው ላይ ቀለሙ የተሰነጠቀ ወይም የቺያቤ (የመፍቻ) ምልክት ያለበት ከሆነ ላሜራው ተፈትቷል። የበሩን ጎሚኒ በጣት ወደ ኋላ ግፉት፤ ከሥሩ የቀለም ጠርዝ መስመር ከታየ ጎሚኒው ሳይወልቅ ነው የተቀባው። ከራዲያተሩ በላይ ያለው ድልድይና ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው መሸፈኛ) ሥር ያለው ላሜራ ላይ ፋብሪካው በእኩል ርቀት የበየዳቸው ክብ ክብ ጎድጓዶች አሉ። እነሱ በስቱኮ ተሞልተው ከጠፉ ባቲላሜራ ቤት ከባድ ሥራ ተሠርቷል።

የቀለሙን ዓይነት ለማወቅ ከነዳጅ መክፈቻው ክዳን ውስጥ፣ በማይታይ ቦታ፣ ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ አሹበት። ጨርቁ ቶሎ ቀለም ከያዘ ያለ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የተቀባ ርካሽ ናይትሮ ነው፤ በአዲስ አበባ ፀሐይ ብዙ ሳይቆይ ይነጣል፣ ያገጥጣል። ክሊር (የላይኛው ግልጽ ሽፋን) ያለው ባለ ሃርድነር ቀለም አይለቅም።

ነጭ ቪትዝ ለምትወዱ አንድ ነገር። ሞተሩ ያለበት ቦታ ወይም በር ላይ ያለው ምልክት "ሲ/ቲአር" ከሚለው ጎን የቀለም ቁጥሩን ይይዛል። 040 ተራው ነጭ፣ 070 ባለ ሦስት ድርብርቡ ዕንቁ ነጭ፣ 1ሲ0 ብሩ፣ 202 ጥቁሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ወዲህ በተሠሩ አንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ ነጩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ወድቋል፤ ኩባንያው አሜሪካና አውስትራሊያ ውስጥ ፀሐይ ፕራይመሩ ከብረቱ የመጀመሪያ ሽፋን ጋር ያለውን ትስስር እንደሚያላላ አምኖ የጥገና ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። እንዲህ የሚነሳ ቀለም ላይ ደርቦ መቀባት ከንቱ ነው፤ የላላው ሁሉ እስከ ብረቱ ወይም እስከ ጠንካራው ሽፋን ይፋቅ። ለጥገና ግን 040 ከሁሉ ቀላሉ ነው። 1ሲ0ን አንድ በር ብቻ ቀብቶ ማመሳሰል አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ጎረቤት ላሜራው ላይ እየሳሳ እንዲገባ መደረግ አለበት። 070 ደግሞ ኪስም ትዕግሥትም ይፈልጋል።

ጥሩ ቀለም ቤት እንዴት ይሠራል? ዝገቱ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል፤ ባዶ ብረት ላይ ኢፖክሲ ፕራይመር ይገባል። ስቱኮው በክብደት ከ2 እስከ 3 በመቶ ሃርድነር ይቀበላል፣ ውፍረቱም ከ3 ሚሊሜትር አይለፍ። ሃርድነር ሲበዛ ቶሎ ስለሚደርቅ ሠራተኛው ይወደዋል፤ ትርፉ ግን ከላይ በተቀባው ቀለም ውስጥ ቢጫ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ስቱኮው በ80፣ በ180፣ በ320 ይፋቃል። ከዚያ መሙያ ፕራይመር፣ እሱም በውሃ በ600፣ ለብርማ ቀለም በ800። ቤዙ (ዋናው ቀለም) ሁለት ወይም ሦስት እጅ ሆኖ በየመካከሉ 10 እስከ 15 ደቂቃ እስኪደበዝዝ ይጠበቃል፤ በዚያው ቀን ሁለት እጅ ክሊር። ለክሊሩ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው መጠን ይከበር፤ ብዙዎቹ ሁለት እጅ ክሊር ለአንድ እጅ ሃርድነር ናቸው። ኦቨን ካለ በ60 ዲግሪ 30 ደቂቃ። "በሦስት ቀን ሙሉ መኪና አስረክባለሁ" የሚል ቀለም ቤት ከነዚህ እርምጃዎች የትኛውን እንደሚዘል መጠየቅ ነው።

የሚበላሸውም በታወቀ ምክንያት ነው። እንደ ዓሣ ዓይን የተከፈቱ ትንንሽ ጉድጓዶች ካሉ ላሜራው ላይ ሲሊኮን ነበር፤ ዳሽቦርድና ጎማ የሚያብለጨልጩበት ቅባት ዋናው ተጠያቂ ነው። ከሳምንታት በኋላ የሚያብጡ ነጥቦች ከኮምፕሬሰሩ የመጣ ውሃ ናቸው፤ ገንዳው በየጠዋቱ መራገፍ አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያለ ኦቨን የተቀባ ክሊር ጉም ይይዛል፤ የሚቸኩል ሰው ካልሆነ ጥቅምትን ይጠብቅ። እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚጎረብጥ ገጽ ደግሞ የመርጫው ግፊት አንሶ ወይም ቀለሙ ወፍሮ ነው፤ በ2000 ቁጥር ተፍቆ በፖሊሽ ይስተካከላል። ግን ክሊሩ ራሱ 40 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ጠርዞች ላይ ማሽኑ ካረፈ ቤዙ ይወጣል። በየዓመቱ ለቦሎ ሲቀርብ ፖሊሽ የሚደረግ መኪና ክሊሩ በጥቂት ዓመት ያልቃል።

ሁለቱም ሥራ የሚያስፈልገው መኪና ከሆነ ሞተሩ ይቅደም። ሞተር ሲወርድ ኮፈኑ ይፈታል፣ የመካኒክ ቀበቶ ፓራፋንጎውን ይቧጭራል፣ የፍሬን ዘይት አንድ ጠብታ ትኩስ ቀለም ያነሳል። ብረቱ ወጥቶ የዛገ ቦታ ካለ ብቻ እሱ ተፍቆ ኢፖክሲ ተቀብቶ ይቆይ፤ ለጥቂት ጊዜ ያለ ቀለም ቢሄድ ያስቀይማል እንጂ አይጎዳም። ቀለሙ ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳሙና አይንካው፣ ለአንድ ወር ሰም አይቀባ፤ ሟሚው ገና እየወጣ ነው። የወፍ ኩስ ካረፈበት ግን ያው ቀን በውሃ ረስርሶ ይነሳ፣ በደረቁ አይፋቅ።